ለሰጠኝ እጅ ብቻ

መስከረም ፳ ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፤

እቴቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን ይወጣልሻል? እኔና ትንሹ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ደብዳቤዬ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካችን ሌላ ሆስፒታል ስለተቀበለ አንሶላው ተቆልሎ መተላለፊያ አሳጥቶናል። እኔን የፈረቃ አለቃ አድርገውኛል። “ድሮስ የሰፈሩን ልጅ በሰልፍ ስታቆም አይደል ያደግኸው፣ ሻምበል ያልኩህ በከንቱ መሰለህ?” እያልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ግን ማዘዝ እንደዚያን ጊዜ ቀላል አይደለም። እዚህ የሚታዘዘኝ ሰው ሁሉ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ሲያኮርፍም ኳስ አስይዤ አላስታርቀውም።

ትንሹም ደህና ነው። ያልጻፈልሽ ሥራ ይዞት ነው እንጂ ወንድሜ አንቺን የሚረሳ ሰው አይደለም። እጅ ነስቶ ሰላም ብሎሻል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ፣ እናቷን ልታስታምም እንደመጣች ሰምቻለሁ። ወደ ሥራዋ ስትመለስ የትንሹን ሰዓት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። የእኔ እዚያው ትቀመጥ፣ የእሱን ብቻ ነው የምፈልገው። ትንሽ ዕቃ ስለሆነች ለነርሷም ሸክም አትሆንባትም።

ይህችን ነገር እንዳትረሺብኝ። ደህና ሁኚልኝ።

ልጅሽ ሻምበል

&nbsp;

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሻምበል፤

ከዓይን ያውጣህ፣ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ደህና ነው፣ ሲወርድ ነው የሚያኮርፈኝ። ጆሮዬ ግን ጭራሽ ሸፍቷል። ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሳገናኝ የስንቱ ወሬ የገባበት ጆሮ፣ አሁን በቃኝ ብሎ በሩን ዘግቷል። ስለዚህ በስልክ አትድከም፣ ጻፍልኝ።

አለቃ በመሆንህ ደስ ብሎኛል። ሰው ላይ አትጩህ። የላክኸው ገንዘብም ደርሶኛል። ከወትሮው በዛብኝ። ለምን በዛ?

አሁን ወደ ሰዓቷ ልምጣ። መሳቢያዬን ታውቀዋለህ። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ሌላ ነገር ሳልነካ እሱን ነው የምከፍተው። የልብስ ሰፊዋ የአጎትህ ልጅ ሰዓት እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ስለሆነች እሷን በመነጽር ነው የምሞላት። የወንድሟ፣ የመምህሩ፣ በባትሪ የሚሠራ ነው። እሱን ብዙም አልወደውም፣ እኔን አይፈልገኝም። የአንተ መስታወቷ እንደተሰነጠቀ ነው። ላስቀይርልህ ስልህ “ስንጥቋን ካላየሁ የእኔ መሆኗን በምን አውቃለሁ?” ብለህ እምቢ እንዳልክ ትዝ ይለኛል። ከአንተ ቀጥላ የትንሹ ጥቁር ፊቷ ሰዓት አለች። እያንዳንዳቸውን ባለቤታቸው ባለበት አገር ሰዓት ነው የሞላኋቸው። አሁን ሰፊዋ ተኝታለች፣ መምህሩ ከክፍል እየወጣ ነው፣ እነሻምበል ቁርስ ሳይበሉ ሊወጡ ነው እያልኩ ሁላችሁንም እዞራችኋለሁ። ሰው ቢያየኝ ለይቶላታል ይለኝ ነበር። ትክትክታቸውን ስለማልሰማው አንድ በአንድ ጥርሴ ላይ አስደግፋቸዋለሁ። በጆሮዬ ያጣሁትን ድምፅ ጥርሴ ያመጣልኛል። መሄዳቸውን ሳላረጋግጥ ቁርስ አይወርድልኝም።

ከቤታችን የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ፈትቶ ለእኔ ይሰጣል፣ በሄደበት ሌላ ይግዛ። ይህን የጀመረው አባታችሁ ነው። ወንድሜ ከባድ መኪና ሊነዳ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ “መንገዱ አቧራ ነው፣ አንቺ ጋ ትቆየኝ” ብሎ ሰጠኝ። ዓመት አለፈና የሥራ ባልደረቦቹ ጻፉልኝ። ሰዓቱን ላኪልን ነው የሚለው፣ ሌላ ቃል የለበትም። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ጠራርጌ፣ ሞልቼ ላክሁ። ለካ እጁ ላይ አስረው ሊቀብሩት ኖሯል። ሰዓቱ ከደረሳቸው በኋላ ነው መርዶው የመጣልኝ። አንተ ያኔ ጥርስህን የምትነቅል ልጅ ነበርክ፣ ትንሹ ጀርባዬ ላይ ነበር። ይህን ለማንኛችሁም ነግሬ አላውቅም።

የሱ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው። ሌላ ሰዓት አላስቀመጥኩበትም። ከዚያ ወዲህ ከዚህ መሳቢያ ሰዓት የሚወጣው ለሰጠኝ እጅ ብቻ ነው። ሰፊዋ ባለፈው ዓመት ለባሏ ላኪለት ብላኝ እምቢ ብያታለሁ፣ እስከ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ናት።

ታዲያ አንተ የራስህን ትተህ የወንድምህን ሰዓት ላኪልኝ ስትለኝ፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ ወንበር ፈለግሁ።

ክፉ አላስብም። ብቻ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ትንሹ በር ላይ ሰዓቷን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ብሎኛል። አንተ ሻንጣ ስትጭን ስለነበር አልሰማህም። ምን እንዳለኝ ይንገርህና ጻፍልኝ። ቃሉ ከደረሰኝ ሕጌን አፍርሼም ቢሆን ሰዓቷን በነርሷ እልካለሁ።

አክስትህ

&nbsp;

ኅዳር ፳፯ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ አባታችን የጻፉልኝን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ባለማወቄ ስላስደነገጥኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚያሰጋ ነገር ስለሌለ ሐሳብ አይግባዎት።

ትንሹን ጠይቄዋለሁ። “ተመልሼ እስክመጣ አደራ ጠብቂልኝ ብዬ ነው የሰጠኋት” ይላል። እንዴት ይህን ትጠይቃለች ብሎም ስቋል።

ሰዓቷን የፈለግናት ለሌላ አይደለም፣ ናፍቃው ነው። ብዙ ጊዜ “እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?” እያለ ይጠይቀኛል። በእጁ ጽሑፍ አንድ መስመር እንዲጨምርልዎ ፈልጌ ነበር። ፈረቃችን ግን ስለማይገጥም ወረቀት ይዤ ስቀርብ ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የማገኘው። በሚቀጥለው ይጽፋል።

ብርዱ እዚህ ጀምሯል። እርስዎም ይጠንቀቁ።

አክባሪ ልጅዎ

&nbsp;

ታኅሣሥ ፲፰ ቀን

ሻምበል፤

የሳሎኑን መስታወት በኳስ የሰበርክ ዕለት “እቴቴ፣ እንደምን ዋሉ?” ብለህ ነበር የገባኸው። ያንን ያህል ልጅ ሆነህ አንቱ ስትለኝ፣ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ መጥረጊያ ይዤ ተነሳሁ። አንቱ ያልከኝ ቀን የተሰበረ ነገር አለ። ዛሬ የሰበርከው ምንድን ነው?

ትንሹ “አደራ ጠብቂልኝ” አላለኝም። ሰዓቱን ፈትቶ የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ የሚለኝን ነው የጻፍክልኝ፣ አንተም ያልከኝ እሱኑ ነው። የእሱ ቃል ቀልድ ነበር። ከእንቅልፉ ቀስቅሰህ ብትጠይቀው እንኳ ሳይስቅ አይመልስልህም። ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ጠየቅኩት ትላለህ፣ ዝቅ ብለህ ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የማገኘው ትላለህ። እንግዲህ ወይ አልጠየቅከውም፣ ወይ የምትጠይቀው ሰው የለም።



ነርሷ እኔን ብላ ደወለችልህ። አጠገቧ ቆሜ አፏ አፏን ሳይ ነበር። “ሥራ ላይ ነው ይላል” አለችኝ። በማግስቱ ደወለች፣ “ተኝቷል ይላል” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ማንሳት ተውክ። ልጅቷ አፈረች፣ እኔም አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት መስመር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲዋሽ ትንፋሹ እንዴት እንደሚያጥር አውቃለሁ። አሁን ድምፅህ አይሰማኝም እንጂ ጽሑፍህ ትንፋሹ አጥሯል።

ሰዓቷን ዛሬም ሞላኋት። መሙያዋን በሁለት ጣቴ ይዤ ግን እቆማለሁ። የማንን ሰዓት ነው የምሞላው? አባታችሁ ከሞተ በኋላ ስንት ጠዋት ሰዓቱን በደስታ ስሞላ እንደነበር አስበው። እሱ ሬሳ ክፍል ውስጥ ነበር፣ እኔ አሁን እየነዳ ነው፣ አሁን ደግሞ አርፎ ይሆናል እያልኩ እዚህ አንጎራጉራለሁ። ያንን ሞኝነት ሁለተኛ አልሠራውም።

ልጄ በሕይወት አለ ወይስ የለም? አንድ ቃል ጻፍ። ሌላው ይቆየኝ። ገንዘብ ደግሞ እንዳትልክብኝ፣ አሁን የላክኸውንም አልነካሁትም።

እቴቴ

&nbsp;

ጥር ፳፱ ቀን

ሻምበል፤

መልስ አልመጣም። ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች፣ እስክጠጋት እንኳ አትጠብቅም።

ትናንት የትንሹን ሰዓት ሳልሞላት ዋልኩ። ሆን ብዬ ነው። እውነቱን ከነገርከኝ በኋላ እንደሚሆነው ልልመደው ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ጥርሴ ላይ አስደገፍኳት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይታ አንድ መታች፣ ደግሞ አንድ፣ እንደ ደከመው ሰው። ትንሹ በልጅነቱ ሳንባ ምች ይዞት ደረቱ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ያደርኩበት ጊዜ መጣብኝ። ወዲያው ሞላኋት። መልመድ አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ በአሮጊቷ ላይ እንዴት ትሠራለህ? እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩህ!

ነርሷ እናቷ ስለተሻላት በመጋቢት መጨረሻ ትመለሳለች። ሥራዋ ሌላ ከተማ ቢሆንም በእናንተ በኩል እንድታልፍ ለምኛት እሺ ብላኛለች። በርህን ታንኳኳለች። ከፍተህ ወንድምህን ታሳያታለህ፣ ወይም መቃብሩን ታሳያታለህ። ምርጫው ያንተ ነው።

እቴቴ

&nbsp;

የካቲት ፳፪ ቀን

እቴቴ፤

በሕይወት አለ። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

አንሶላ የሚተኩሰው ማሽናችን ሁለት የጋሉ ትላልቅ ሲሊንደሮች አሉት፣ አንሶላው በመካከላቸው ያልፋል። አንሶላ ሲጨማደድ ማሽኑ ቆሞ ነው የሚስተካከለው። በክረምቱ መጨረሻ፣ እኔ በሌለሁበት ፈረቃ፣ ትንሹ ቸኩሎ ማሽኑን ሳያቆም እጁን ሰደደ። ግራ እጁን፣ ያንን የሚጽፍበትን፣ የሚበላበትን፣ ኳስ የሚወረውርበትን። ሐኪሞቹ ሊያድኑለት ብዙ ጣሩ። በመጨረሻ ከአንጓው በላይ ቆረጡት።

ለእቴቴ እንጻፍላት ስለው አንገቴን ያዘኝ፣ በቀረችው እጁ። “ሰው ሁሉ አሁን መጀመሪያ የሚያየው ክንዴን ነው፣ ፊቴን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት እጅ ያለኝ እቴቴ ጋ ብቻ ነው። እዚያ አትቁረጠኝ” አለኝ። ምን ልበለው? ማልኩለት። ያን ሁሉ ውሸት የጻፍኩልሽ ያንን እጁን ላቆይለት ብዬ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሸሚዝ ላልብስህ ስለው ያመናጭቀኛል፣ እንድነካው አይፈልግም። ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀምጬለት ስወጣ ነው የሚበላው። በቀኝህ መጻፍ ተለማመድ ብለው የሰጡትን እርሳስ በመስኮት ወረወረው። የማያውቀው ሰው ሆኜበታለሁ። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ “እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?” ይለኛል። እነግረዋለሁ፣ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሰዓቷን የለመንኩሽ ለዚህ ነው። እጁ ላይ ብትሆን እኔን መጠየቅ ሳያስፈልገው አንቺ ጋ ያለውን ሰዓት ያያል ብዬ ነው፣ በዚህ አገር ሰዓት መሞላቷን ያኔ አላወቅኩም። በቤታችን የሰው ሰዓት መጠየቅ መርዶ መሆኑን ከየት ልወቀው?

በር ላይ የነገረሽን ቃል ያልጠየቅኩት ደግሞ መጠርጠርሽን እንዳያውቅ ነው። ስልክሽን ያላነሳሁት ነርሷ “እስቲ አገናኘኝ” ብትለኝ የምለው ስላልነበረኝ ነው። ሌሊቱን መልስ ስጽፍና ስቀድ ነው የከረምኩት፣ አንቺ ግን በሕይወት አለ የለም ብለሽ እንደምትሰቃዪ ልቤ እያወቀ።

አሁን መሐላዬን አፍርሻለሁ። ሲያውቅ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ፈርቻለሁ እቴቴ። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው፣ በዚህ ምክንያት ጥሎኝ ቢሄድ ሁለተኛ አላገኘውም። ነገር ግን ነርሷ በር ላይ አይታው ከምትነግርሽ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። የተሰበረው ነገር ይህ ነው። አንቱ ማለቱንም ትቻለሁ።

ልጅሽ ሻምበል

&nbsp;

መጋቢት ፳ ቀን

ልጄ ሻምበል፤

ዕድሜ ይስጥህ። “በሕይወት አለ” የሚለውን አንብቤ ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ከተትኩት። የቀረውን ያነበብኩት እንዳልከው ቁጭ ብዬ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ አለቀስኩ። ድምፄን ስለማልሰማው ልኩን አላውቀውም፣ ጎረቤት ሁሉ ግን በሬ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ለካ ያንን ሁሉ ወር ሞቱን ስፈራ የእጁ ነገር አንድም ቀን አልመጣብኝም።

ደግሞም ተናድጃለሁ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብለህ ነው የጻፍክልኝ! ስትመጣ እንነጋገራለን። አሁን ጊዜ የለኝም።

ሰዓት ለሰጠኝ እጅ ብቻ ነው የምመልሰው ብዬህ ነበር። ትንሹ ሰዓቱን የሚያስረው በቀኙ ስለነበር ሰዓቷን ፈትቶ የሰጠኝ በግራው ነው። መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት አሁንም ይታየኛል። እንግዲህ የሰጠኝ እጅ የለም። ሕጌን ካከበርኩ ሰዓቷ እዚህ ልትቀር ነው። ቀኑን ሙሉ ከመሳቢያው ፊት ተቀምጬ ስከራከር ዋልኩና፣ የሰጠኝ ባይኖር የታሰረችበት አለ አልኩ። ለእሱ ትሂድ።

የቆዳ ማሰሪያዋን ዘለበት በአንድ እጅ መቆለፍ አይቻልም። ሰዓት ሠሪው ጋ ወስጄ የሚለጠጥ የብረት ማሰሪያ አስገባሁላት። ቤት ገብቼ ግራ እጄን ከኋላዬ ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩና ሞከርኩት። መጀመሪያ ወደቀችብኝ፣ ደግነቱ ምንጣፍ ላይ ነው። ከዚያ ጉልበቶቼ መሀል ይዤ ማሰሪያው ውስጥ ቀኝ እጄን ሰደድኩት። ገባልኝ። ለእኔ ለአሮጊቷ ከገባ ለእሱም ይገባል። ዘዴውን ንገረውና ክፍሉን ለቀህለት ውጣ። እያየኸው አይሞክረውም።

መሙላቱን ግን ብቻውን አይችለውም። እሱ ያንተ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት አጠገቡ ቁጭ በል፣ ክንዱን ያዝ፣ ሙላለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ ያዙር፣ ክንዱን እስከሰጠህ ድረስ ሙላ። ምክር አትጨምርበት። አለቅነትህን ፋብሪካው በር ላይ ትተህ ና። እጅህ ክንዱ ላይ ይዋል፣ ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪዎቹን ግን አደራ እንዳትነካቸው። ወደፊትም ወደኋላም እነሱን የማንቀሳቅስ እኔ ነኝ፣ ያለ እኔ ቃል ማንም አይነካቸውም።

“ቸኩሎ” ብለህ የጻፍካትን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። የሷን ነገር ለራሴ ልተወው።

ለትንሹ ለብቻው ደብዳቤ አልጻፍኩለትም፣ ምን እንደምለው አላውቅም። ይህን ብቻ ንገረው። እዚህም ቤት ከዛሬ ጀምሮ አንድ እጅ ነው ያለው፣ ሁለት አድርጌ አላስበውም። እኔም ጆሮ የሌለኝ ሰው ነኝ። የምወደው ልጄ ነው፣ እንዲሁ እንዳለ ነው የምወደው።

እቴቴ

&nbsp;

ግንቦት ፲፯ ቀን

እቴቴ፤

ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ነው። አትሳቂ። እሺ ሳቂ።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ የሚለውን ሁሉ እንደጻፍኩልሽ ቁጠሪው። ቀኝ እጄ ቶሎ ይደክመዋል፣ ሥራ ለምዶ አያውቅም፣ ሰዓት ታስሮለት ሲንጠባረር ነው የኖረው።

ነርሷ ሰዓቷን ከቦርሳዋ ስታወጣ ነው ወንድም ጋሼ እንደነገረሽ ያወቅኩት። እጄን ሁለተኛ የቆረጡኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ጠዋት ተመልሶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ላባርረው አስቤ ነበር። ግን ሰዓቷ ልትቆም ነው፣ አንቺ ደግሞ አንድም ቀን አቁመሻት አታውቂም። ግድግዳዬን እያየሁ ክንዴን ወረወርኩለት። ሞላና ሄደ። ብዙ ጠዋት እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን ጣቶቹ መሙያዋ ላይ ሲቆሙ ተሰማኝና ዞር ብዬ አየሁት። የፈረቃ አለቃው ያለቅሳል! እንዲህ ያለ አስቀያሚ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሁለታችንም አልቻልንም።

አሁን ራሴ አጠልቃታለሁ፣ በጉልበቶቼ መሀል ይዤ። አንቺ እጅሽን ቀሚስሽ ውስጥ ሸጉጠሽ ስትታገዪ እያሰብኩ።

አንድ ክስ ግን አለኝ። ሰዓቷ ልክ ናት። ከባቡር ጣቢያው ሰዓት ጋር እኩል ትሄዳለች። የእኔ ሰዓት ልክ ሆና የምታውቀው መቼ ነው? ትምህርት ቤት እንዳላረፍድ ብለሽ ስተኛ አስር ደቂቃ ታስቀድሚያት ነበር፣ የማላውቅ መስሎሽ። በር ላይ ሳስረክብሽ ምን አልኩሽ? “የሰረቅሽኝን አስር ደቂቃ እንዳትመልሺው፣ ስመጣ ቀድሜ እንድደርስ” አልኩሽ። ማልቀስ ጀምረሽ ነበር፣ ሳቅሽ አመለጠሽ። ወንድም ጋሼ ይህን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ወር አትሰቃዪም ነበር።

ታዲያ አስር ደቂቃዬን ማን ወሰደው? ሰዓት ሠሪው ነው እንዳልል፣ ቆጣሪ የማንቀሳቅስ እኔ ነኝ ብለሽ ጽፈሻል። መቸኮል ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብለሽ ከሆነ ስሚኝ። እጄን የወሰደው ያንቺ አስር ደቂቃ አይደለም። ከእንግዲህ ይህ ልጅ የትም አይቸኩልም ብለሽ ከሆነ ደግሞ ተቀይሜሻለሁ።

ወንድም ጋሼን አስቀድምልኝ ብዬ ለመንኩት። እቴቴ ቆጣሪውን እንዳትነካ ብላኛለች ብሎ እምቢ አለ፣ ሞኝ ታዛዥ ነው። እኔ ደግሞ መሙያዋን ስቤ የማዞርበት ሌላ እጅ የለኝም። ይህን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ወይ “አስቀድምለት” ብለሽ ጻፊለት፣ ወይ ራሴ ይዣት መጥቼ አንቺው ታስተካክይልኛለሽ። ደብዳቤሽ በመንገድ ብዙ ይቆያል። እኔ ሳልቀድመው አልቀርም።

ትንሹ